ከተራራ ወደ ቆላ ስለሚወርደው ሞቃትና ደረቅ ነፋስ

ነፋስ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ነው። መልኩን ያየ ሰው የለም፤ ሥራውን ያላየ ሰው ግን የለም። ገበሬ በአውድማው ላይ ፍሬውን ከእብቁ የሚለየው በነፋስ ነው። አንዲት ፍንጣሪ ከአንድ ጎጆ ተነሥታ መንደሩን ሁሉ አመድ የምታደርገውም በነፋስ ነው። አንዱ ነፋስ በጥቅምና በጉዳት እንዲህ ሁለት ሆኖ ስለሚገኝ፥ ጠባዩን መርምሮ ማወቅ ለገበሬም፥ ለከብት ጠባቂም፥ ለቤት ባለቤትም የሚያስፈልግ ነው።

ከነፋሳት ወገን ስሙ ብዙ ጊዜ የማይነሣ፥ ሥራው ግን ታላቅ የሆነ አንድ ነፋስ አለ። ይኸውም ከተራራ ተነሥቶ ወደ ዝቅተኛው አገር ሲወርድ እየሞቀና እየደረቀ የሚሄደው ነው። ከፍ ያለው ስፍራ ብርድ፥ ዝቅ ያለው ስፍራ ሙቀት መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ከብርዱ ስፍራ የተነሣ ነፋስ ብርዱን ይዞ መውረድ ሲገባው ስለ ምን ሞቆ ይደርሳል? የዚህ ትምህርት ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

1ኛ. ስለ አዊ አገር አቀማመጥ

የአዊ አገር በጎጃም ምዕራብ በኩል የሚገኝ፥ ደጋና ወይና ደጋ ቆላም ያለበት አገር ነው። እንጅባራ፥ በቀድሞ ስሟ ኮሶ በር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ዳንግላ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የወረደ መንገደኛ ቻግኒ ሲደርስ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ይሆናል፤ ወደ በለስ ሸለቆ በወረደ ጊዜም ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ከዳንግላ ወደ ጃዊ የሚሄድ ሰውም እንደዚሁ ከወይና ደጋ ተነሥቶ ቆላ ይገባል። በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

በዚህ አገር ላይ በዓመት ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ነፋሳት ይፈራረቃሉ። በክረምት፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ፥ ነፋሱ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል። ይህ ነፋስ ከአትላንቲክ ባሕርና ከኮንጎ ደን በኩል እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ወደ አዊ ተራሮች ሲወጣ ሸክሙን በዝናብ ያራግፋል። የአዊ ደጋ ከኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ የሆነበት፥ ቀርከሃውና ደኑ የለመለመበት ምክንያትም ይህ ነው። በበጋ ግን ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ይነፍሳል። የበጋው ነፋስ ከዐረብ አገር በኩል የሚመጣ፥ በመነሻው ደረቅ የሆነ ነው። እንግዲህ በክረምት አዊ የነፋሱ መውጫ ሲሆን፥ በበጋ የአዊ ቆላ የነፋሱ መውረጃ ይሆናል ማለት ነው።

2ኛ. ነፋስ ሲወጣ ስለ መቀዝቀዙ፥ ሲወርድ ስለ መሞቁ

አየር ክብደት አለው። በቆላ ያለው አየር ከበላዩ ያለው አየር ሁሉ ስለሚጫነው የታመቀ ነው። በደጋ ያለው ግን የሚጫነው አየር ስለሚያንስ የላላ ነው። በእንጅባራ ከፍታ ያለው የአየር ጫና በባሕር ዳርቻ ካለው አራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አየር ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ይሰፋል፤ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ይታመቃል።

አየር በታመቀ ጊዜ ከውጭ እሳት ሳይነካው በራሱ ይሞቃል። ይህንም በቢስክሌት ጎማ መንፊያ ማስረዳት ይቻላል። መንፊያው ብዙ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲገፋ የታችኛው ጫፉ ለእጅ ይሞቃል፤ ያሞቀውም የብረቱ መፋተግ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የታመቀው አየር ነው። በተቃራኒው በጎማ ውስጥ ታምቆ የነበረው አየር ተለቆ ሲወጣ ለእጅ ይቀዘቅዛል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፥ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል የሚለው ሕግ እንዲህ በዓይንና በእጅ ይታወቃል።

የዚህም ልኩ ተመርምሮ የታወቀ ነው። ደመና ያልሆነ አየር 100 ሜትር በወጣ ቁጥር 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ 100 ሜትር በወረደም ቁጥር 1 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ 1,000 ሜትር የወረደ ነፋስ በመንገዱ ከሌላ አየር ጋር ካልተደባለቀ 10 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይደርሳል።

አየር ደመና በሆነ ጊዜ ግን ልኩ ይለወጣል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀት ይበላል፤ ይህንም ድስት የጣደች ሴት ሁሉ በእንጨቷ ማለቅ ታውቀዋለች። እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ያን የበላውን ሙቀት ይመልሳል። አረቄ ሲወጣ ይህ ነገር በግልጥ ይታያል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ገብቶ አረቄ ሲሆን፥ ዙሪያውን ያለው ውኃ እየሞቀ ይሄዳልና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልገዋል። በተራራ ላይም እንዲሁ ነው። እንፋሎቱ ደመናና ዝናብ ሲሆን ሙቀቱን ለአየሩ ስለሚለቅ፥ ደመና የሆነ አየር 100 ሜትር ሲወጣ የሚቀዘቅዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

3ኛ. በአኃዝ የተሰጠ ምሳሌ

እንግዲህ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት የሚቻላቸው አንድ ምሳሌ እነሆ። በክረምት ከበለስ ቆላ፥ ከ1,000 ሜትር ከፍታ፥ 28 ዲግሪ ሙቀት ያለው እርጥብ ነፋስ ተነሣ እንበል። እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ገና ደመና አልሆነምና 5 ዲግሪ ቀዝቅዞ 23 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደመና ሆኖ እየዘነበ እስከ 3,000 ሜትር ይወጣል፤ በእነዚህ በ1,500 ሜትር ውስጥ የሚቀዘቅዘው 7 ዲግሪ ተኩል ስለ ሆነ 15 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። ዝናቡን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ደመና የለበትምና በ100 ሜትር 1 ዲግሪ እየሞቀ ይሄዳል። ወደ 1,000 ሜትር ሲደርስ 35 ዲግሪ ተኩል፥ ወደ 500 ሜትር ሲደርስ 40 ዲግሪ ተኩል ይሆናል።

በዚህ ምሳሌ መታየት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ነፋሱ በተነሣበት በ1,000 ሜትር ከፍታ 28 ዲግሪ ነበረ፤ ከተራራው ማዶ በዚያው ከፍታ ግን 35 ዲግሪ ተኩል ሆነ። ይህ ትርፍ ሙቀት ከየት መጣ? በአዊና በጎጃም ደጋ ላይ ከዘነበው ዝናብ የተለቀቀ ሙቀት ነው። ውኃውን ደጋው ወሰደ፤ ሙቀቱን ነፋሱ ይዞ ሄደ። በእውነተኛው ዓለም ነፋስ በመንገዱ ከሌላ አየር ጋር ስለሚደባለቅ ቍጥሩ እንደዚህ የተስተካከለ አይሆንም፤ ሕጉ ግን አይለወጥም።

4ኛ. በኢትዮጵያ ይህ ነፋስ ስለሚታይበት ስፍራ

በክረምት ይህ ነገር በትልቁ የሚታየው በአፋር ቆላ ነው። በጎጃምና በወሎ ደጋ ዝናብ ሲወርድ፥ ከደሴ በታች ያለው አገር ደረቅና ሐሩር ሆኖ ይገኛል። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች፥ ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ ከደጋው የሚወርደው አየር እዚያ ሲደርስ እጅግ የሞቀና የደረቀ ይሆናል። የአፋር ሙቀት ከዚህ ነፋስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የምድሩ ዝቅ ማለትና የፀሐዩ ብርታትም አለበት። ነገር ግን ደመናው ተራራውን አልፎ ወደዚያ እንዳይሻገር የሚያደርገው ይኸው የነፋሱ መውረድ ነው። የአፋር እርሻም የሚለማው በአዋሽ ወንዝ ውኃ ነው፤ አዋሽም ያን ውኃ ያገኘው በደጋ ከዘነበው ዝናብ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ያላሻገረውን ወንዙ ያሻግረዋል።

በበጋ ግን ነገሩ ወደ አዊ ራሱ ይመለሳል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የምሥራቁ ነፋስ በደጋው ላይ አልፎ ወደ ቻግኒ፥ ወደ ጃዊና ወደ በለስ ቆላ ይወርዳል። ይህ ነፋስ በመውጫው ብዙ ዝናብ ያላዘነበ ስለ ሆነ፥ የክረምቱን ነፋስ ያህል ትርፍ ሙቀት የለውም። ዋናው ሥራው ማድረቅ ነው። አየር 10 ዲግሪ በሞቀ ጊዜ ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ በእንጅባራ ከፍታ ከመቶ 40 እጅ እርጥበት የነበረው አየር ሳይደባለቅ ወደ ቻግኒ ቢወርድ፥ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። የጎደለውን ለመሙላት ከቅጠሉ፥ ከመሬቱ፥ ከእንጨቱ፥ ከሰው ከንፈርና ከከብት አፍንጫ ውኃ ይስባል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ቆላ ሁልጊዜ ከደጋ ይልቅ ሞቃት ከሆነ፥ ሙቀቱን ነፋሱ እንዳመጣው በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ መልሱም በሦስት ምልክት ይሰጣል። አንደኛው፥ ሙቀቱ በድንገት፥ አንዳንድ ጊዜም ፀሐይ በሌለችበት በሌሊት መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፥ ከነፋሱ ጋር እርጥበቱ በአንድ ጊዜ መጕደሉ ነው። ሦስተኛው፥ በተራራው አናት ደመና እንደ ግድግዳ ቆሞ ሲታይ ከበታቹ ያለው ሰማይ ጥርት ማለቱ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ሙቀቱ የአገሩ የራሱ ሙቀት ነው።

5ኛ. የሚወርድ ነፋስ ሁሉ ሞቃት አለመሆኑ

ከላይ የተነገረውን የሰማ ሰው ከተራራ የሚወርድ ነፋስ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ይገባል። በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የተራራው ጐን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ይቀዘቅዛል። ከመሬቱ ጋር የተጠጋው አየርም አብሮ ይቀዘቅዝና ስለሚከብድ፥ ቀስ እያለ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይፈሳል። ይህ ነፋስ ሲወርድ በመታመቁ ጥቂት ቢሞቅም፥ ቀዝቃዛው መሬት እየነካው ስለሚሄድ ሙቀቱን ያጣል። በባንጃና በሌላውም ደጋ ውርጭ ከኮረብታው ይልቅ ረባዳውን የሚመታው ስለዚህ ነው። ድንች በረባዳ የተከለ ገበሬ ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ጠቍሮ ሲያገኘው፥ በኮረብታው ወገብ የተከለው ጎረቤቱ ሊድንለት ይችላል። እንግዲህ ሞቃቱ ነፋስ ብርቱና ፈጣን ነው፤ ቀዝቃዛው ግን ዝግ ያለና የሌሊት ነው።

6ኛ. በሌሎች አገሮች ስለሚታየው

ይህን ነፋስ አስቀድመው በስም ለይተው ያወቁት በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስሙንም ፎን ይሉታል። በጥንት ጊዜ ብዙ ሰዎች ይህ ሙቀት ከሰሐራ ምድረ በዳ የመጣ ይመስላቸው ነበር። ዩልዩስ ሐን የሚባለው የኦስትሪያ ሊቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1866 ሙቀቱ ከአፍሪካ የመጣ ሳይሆን አየሩ ሲወርድ በመታመቁ የተገኘ መሆኑን አስረዳ።

በሰሜን አሜሪካ በሮኪ ተራሮች ምሥራቅ የሚነፍሰው ቺኑክ ይባላል። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 1943 በደቡብ ዳኮታ በስፒርፊሽ ከተማ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ከነበረበት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ 7 ዲግሪ ወጣ። በአርጀንቲና ከአንዴስ ተራሮች የሚወርደው ደግሞ ዞንዳ ይባላል።

ለመንደር ሰዎች የሚጠቅመው ትልቁ ምሳሌ ግን የግላሩስ ነው። ይህች የስዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1861 በግንቦት 10 ሌሊት የፎን ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት እሳት ተነሥቶባት ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቃጠለች። በዚያ አገር የሚኖሩ ሰዎች ነፋሱን መከልከል እንደማይቻል ስለሚያውቁ እሳቱን መጠበቅን ሕግ አደረጉ። ፎን በሚነፍስበት ጊዜ በየመንደሩ የሚዞሩ ዘበኞች ይቆሙ ነበር፤ በውጭ እሳት ማንደድም የተከለከለ ሆነ። ሕዝቡ በአንድነት ያደረገው ውል ከነፋሱ ብርታት የበለጠ ጠቀመ።

7ኛ. ስለ ጥቅሙና ስለ ጉዳቱ

የደረቁ ነፋስ ጥቅም ብዙ ነው። ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስና ግብጦ ተወቅቶ በላይዳ ሲበተን፥ ነፋሱ እብቁን ወስዶ ፍሬውን ይተወዋል። እህሉ በደንብ ደርቆ ወደ ጎተራ ከገባ ሻጋታ አይነካውም፤ ነቀዝም ቶሎ አይበዛበትም። ለከብት የሚቀመጠው ድርቆሽ፥ ለቤትና ለዕቃ መሥሪያ የሚቆረጠው ቀርከሃም በዚህ ወራት ይደርቃል።

ጉዳቱም እንዲሁ ብዙ ነው። የመሬቱን ርጥበት ስለሚስብ ዘግይቶ የተዘራ እህል ፍሬው ሳይሞላ ይጨማተራል፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ ይጠወልጋል፤ ኩሬና ምንጭ ቶሎ ይጎድላል። አቧራ እየነሣ ዓይንን ያሳምማል፤ ጕሮሮን አድርቆ ያስላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እሳት ነው። ደረቅ ነፋስ ሣሩንና ቅጠሉን አስቀድሞ ያደርቃል፤ እሳት በተነሣም ጊዜ ያፋፍመዋል፤ ፍንጣሪውንም ተሸክሞ ከፊት ለፊቱ ያለውን ይለኵሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ሄሊኮፕተርና ከእስራኤል የመጡ እሳት አጥፊዎች እስኪያስፈልጉ ድረስ የከበደው፥ ደረቁ ወራትና ነፋሱ ስለ ተባበሩ ነው። በአዊም ይህ ስጋት በቅርብ ጊዜ የተለየ መልክ ይዟል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በእርሻቸው ላይ እየተከሉ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል። ይህ ሥራ ለብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ አስገኝቷል፤ የተጎዳውንም መሬት አልብሷል። ነገር ግን ዛፉ ተቀራርቦ የሚተከል፥ ከሰሉም እዚያው በእርሻው አጠገብ የሚከሰል ስለ ሆነ፥ ብርቱ ነፋስ በሚነሣበት ቀን አንድ ያልተጠበቀ የከሰል ክምር የብዙ ዓመት ድካም ሊያጠፋ ይችላል።

8ኛ. ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

በበጋ ወራት እሳት በእርሻና በከሰል ስፍራ የሚያነድ ሰው ጧት ማለዳ፥ ነፋሱ ሳይነሣ ይጀምር። ነፋስ በበረታበት ቀን ምንጣሮ ማቃጠል ይቅር። የከሰል ክምር ዙሪያው ሣሩ ተነቅሎ ገላጣ ይሁን፤ አፈሩም በተሰነጠቀ ጊዜ ቶሎ ይመረግ፤ ጠባቂ ሳይኖር አይተው። ማር ለመቁረጥ ጢስ የሚያጨስ ሰው ችቦውን በአፈር ቀብሮ ሳያጠፋ ከዛፉ ሥር አይሂድ። የምድጃ አመድ ፍም ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ውጭ ሲደፋ ውኃ ይፍሰስበት ወይም በአፈር ይሸፈን። የእህልና የድርቆሽ ክምር ከሣር ቤት ርቆ፥ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው በኩል ይቀመጥ።

ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ማታ ያጠጣ፤ በቀን የፈሰሰውን ውኃ ነፋሱ ይወስደዋልና። የችግኙን ሥር በሣር ወይም በገለባ መሸፈን ርጥበቱን ያቆያል። በእርሻው በምሥራቅ በኩል በረድፍ የተተከለ ዛፍ የነፋሱን ኃይል ይሰብራል፤ ነገር ግን ረድፉ ፈጽሞ የተዘጋ ከሆነ ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከኋላው ይጠመዘዛልና ጥቂት የሚያሳልፍ ቢሆን ይሻላል።

9ኛ. በትምህርት ቤት ስለሚሠራ ሥራ

አስተማሪው ሁለት አንድ ዓይነት የሙቀት መለኪያ ቢያገኝ፥ የአንደኛውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለቱንም በጥላ ውስጥ ይስቀል። አየሩ በደረቀ መጠን እርጥቡ ከደረቁ ይልቅ ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአየሩን ድርቀት ይናገራል። መለኪያ ካልተገኘ፥ ልኩ አንድ የሆነ እርጥብ ጨርቅ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በጥላ ሰቅሎ ስንት ጊዜ እንደሚደርቅ መቍጠር ይበቃል። ጨውም ጥሩ ምስክር ነው፤ በክረምት ይረጥባል፥ በበጋ ይደርቃል።

ተማሪዎቹ በየቀኑ ነፋሱ ከየት እንደ መጣ፥ በተራራው ላይ ደመና መኖር አለመኖሩን፥ የጨርቁን የመድረቂያ ጊዜ በመዝገብ ይጻፉ። የእንጅባራ ትምህርት ቤት መዝገብ ከቻግኒና ከጃዊ መዝገብ ጋር በተመሳሳይ ቀን ቢተያይ፥ በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ሁሉ እውነት መሆን አለመሆኑን ተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ ይፈርዳሉ። ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር በዓይናቸው ሲረጋገጥላቸው ከልባቸው አይጠፋም።

ሽማግሌዎችም ከዚህ ሥራ ውጭ መሆን የለባቸውም። የትኛው ሸለቆ ነፋስ እንደሚበረታበት፥ የትኛው ረባዳ ውርጭ እንደሚይዘው፥ ከዚህ ቀደም እሳት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። አስተማሪው ምክንያቱን ያስረዳል፤ ሽማግሌው ስፍራውን ያሳያል። ሁለቱ በአንድነት ተቀምጠው በበጋው መግቢያ፥ ኅዳር ሳይወጣ፥ በመንደሩ እሳት የሚነድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ፥ ጥበቃ የሚቆሙትንም ሰዎች ቢወስኑ፥ ነፋሱ ሲመጣ መንደሩን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ነፋስን ማሰር ለሰው አልተሰጠውም፤ እሳቱን ማሰር ግን ይችላል።